«የተከበራችሁ» ላይ የምትቆመው ካርድ

እኔ በቀላሉ የምረታ ሰው አይደለሁም። ይህን የምላችሁ ለጉራ አይደለም። አንዲት መዳፍ የማትሞላ ካርድ ሦስት ቀን ሙሉ እንዴት እንደተጫወተችብኝ ስነግራችሁ «ይሄ ሰውዬ ድሮም ልፍስፍስ ነበር» እንዳትሉኝ ብዬ ነው። ከውሃ ቆጣሪ አንባቢ ጋር አራት ዓመት ተከራክሬ ረትቻለሁ። ጉጠቱን አንሥቶ የቀረበኝን የጥርስ ሐኪም አሳምኜ ከነጥርሴ ቤቴ ገብቻለሁ። ጥርሱ በሳምንቱ ቆሎ ስበላ ወለቀ፤ ቢሆንም በራሱ ፈቃድ ነው የወለቀው፣ ማንም አልነቀለኝም።

ሥራዬ ማመልከቻ መጻፍ ነው። ከፒያሳ ወደ እሪ በከንቱ ቁልቁል ስትወርዱ፣ ደረጃው የሚንቋቋ አንድ የጣሊያን ጊዜ ፎቅ ሳይፈርስ ቆሟል። ቢሮዬ እዚያ ላይ ነው። በሩ ላይ «ማመልከቻ፣ አቤቱታ፣ ውል፣ ፎቶ ኮፒ» የሚል ሰሌዳ ተሰቅሏል። «አቤቱታ» የሚለው ከሌሎቹ ተለቅ ብሎ የተጻፈው በስሕተት አይደለም።

የእኔን ጽሑፍ ከሌላው የሚለየው ሰላምታው ነው። «በቅድሚያ የአክብሮት ሰላምታዬን አቀርባለሁ» ሳይል በቀጥታ ወደ ጉዳዩ የገባ ወረቀት ከዚህ ቢሮ ወጥቶ አያውቅም። ባለጉዳይ «ጋሼ፣ ቸኩያለሁና አጠር ያድርጉት» ሲለኝ ወረቀቱን መልሼ በእጁ እሰጠዋለሁ። ሰው ቤት ገብቶ እንደምን ዋላችሁ ሳይል ወንበር የሚጎትት አለ? አለ፤ ግን ማመልከቻውን የምጽፍለት እኔ አይደለሁም። ይህን ጠባዬን ልብ በሉልኝ፤ ኋላ ጣጣ ያመጣብኝ እሱ ነው።

ከዚህ ሌላ የሰፈራችን እድር ጸሐፊ ነኝ። ሰፈሩ ግን አሁን በአብዛኛው የሚገኘው መዝገቤ ውስጥ ነው። መንገድ ሲሰፋ፣ ቤት ሲነሣ ጎረቤቱ ተበታተነ። አንዱ በስተ ምሥራቅ፣ አንዱ በስተ ደቡብ ከተማው ዳር ኮንዶሚኒየም ገባ። እዚህ የቀረነው ሰባት ቤት ነን። ለወር ስብሰባ ፒያሳ ድረስ መምጣት ሦስት ታክሲ ስለሚያስቀይር፣ ከዓመት ወዲህ የምንሰበሰበው በቪዲዮ ነው። ሌላው ሰው በስልኩ ይገባል፣ እኔ በኮምፒዩተሬ። የእኔ ስልክ ቁልፍ ያለው የድሮ ስልክ ነው። ይደወልበታል፣ ይነሣል። ስልክ ከዚህ ሌላ ምን ሊያደርግልኝ ነው?

በዚያ ሳምንት የመጣው አጀንዳ እድሩን የሚያፈርስ ነበር። አቅራቢው አቶ ደረጀ ነው፤ ድሮ ግድግዳ ተጋርተን የኖርን፣ አሁን ከተማው ዳር አምስተኛ ፎቅ ላይ የሚኖር ሰው። «ሁሉም በሄደበት ሰፈር አዲስ እድር ይግባ፣ የእኛው ይፍረስ፣ ድንኳኑና ድስቱ ይከፋፈል» ይላል ሐሳቡ። እማማ አስካለን እስክታስቡ ድረስ ክፉ ሐሳብ አይመስልም።

እማማ አስካለ ከቢሮዬ ጀርባ ባለው ግቢ በአንዲት ክፍል ብቻቸውን ይኖራሉ። ሰማንያን አልፈዋል። ባላቸው ሞተዋል፣ ልጅ አልወለዱም። ዕድሜያቸውን ሙሉ በሰፈሩ ለቅሶ ቤት ሁሉ ንፍሮ የቀቀሉትና ድስት ያጠቡት እሳቸው ናቸው። አዲስ እድር ደግሞ ሰማንያ ያለፈውን ሰው አይመዘግብም፤ ምክንያቱን እነሱም አይናገሩት፣ እኛም አንጠይቃቸው። ረቡዕ ዕለት ደረጃውን እያረፉ ወጥተው በሬ ላይ ቆሙ።

«አንተ፣ እድሩ ሊፈርስ ነው የሚሉት እውነት ነው?»

«ሐሳብ ቀርቧል እማማ። እሑድ እንነጋገርበታለን።»

«እኔን ማን ሊቀብረኝ ነው ታዲያ?»

ዳቦ ቤቱ ስንት ሰዓት እንደሚዘጋ የሚጠይቁ ያህል ነበር አነጋገራቸው።  ለሰፈሩ ሙታን ሁሉ ጎንበስ ቀና ሲሉ የኖሩ ሴትዮ ይህን ጥያቄ መጠየቃቸው ግን አናደደኝ። «እኔ ጸሐፊ ሆኜ ይህ እድር አይፈርስም» አልኳቸው። ስብሰባው ላይ የማነበውን ተቃውሞ የዚያኑ ቀን ጻፍኩት። አሥራ አንድ ገጽ ሆነ። ሁለቱ ገጽ ሰላምታ ነው።

እዚህ ላይ ስለ ሁለት አንቀጾች ልንገራችሁ። የእድሩን መተዳደሪያ ደንብ ያረቀቅኩት እኔ ነኝ። አንቀጽ አሥራ ዘጠኝ፣ በስብሰባ ተገኝቶ ያልተቃወመ አባል እንደተስማማ ይቆጠራል ይላል። ይህን የጻፍኩት በአቶ ደረጀ ምክንያት ነው፤ ስብሰባ ላይ ጸጥ ብሎ ይቀመጥና ሲወጣ በር ላይ ቆሞ መቃወም ይጀምር ነበር። አንቀጽ ሃያ፣ ተቃውሞ የሚመዘገበው አባሉ በስብሰባው ላይ ፊቱን አሳይቶ በገዛ ድምፁ ሲናገር ብቻ ነው፤ በስልክ፣ በጽሑፍ ወይም በሰው አይላክም ይላል። ይህንንም የጻፍኩት በአቶ ደረጀ ምክንያት ነው፤ ሚስቱን ይልክብን ነበር። ሁለቱን ጽፌ ስጨርስ በጣም ደስ ብሎኝ እንደነበር አስታውሳለሁ።

አሁን ወደ ማሽኑ። ኮምፒዩተሬ አሮጌ ነው። ኢንተርኔት የሚያገኘው በገመድ ነው፤ ገመዱ የሚሰካባት ካርድ ሆዱ ውስጥ አለች፤ ካርዷን የሚያሠራት ደግሞ ድራይቨር የሚባል ፕሮግራም አለ። ይህን ሁሉ ያን ጊዜ አላውቅም ነበር። የማውቀው ኮምፒዩተሩ ለዓመታት «ላሻሽለው?» እያለ ሲጠይቀኝ እኔም «አይሆንም» እያልኩት በሰላም መኖራችንን ነው። ሐሙስ ጠዋት ግን ለእሑዱ ስብሰባ ዝግጁ ይሁን ብዬ፣ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ «እሺ» የሚለውን ተጫንኩት። እሺ ማለት ለእኔ የተፈጠረ ነገር እንዳልሆነ ያረጋገጥኩት ያን ዕለት ነው።

ከዚያ ወዲያ የሚመጣው ሁሉ ይመጣል፣ የሚሄድ ግን የለም። ዜና ይገባል፣ የኬክ ማስታወቂያ ይገባል፣ የማላውቃቸው ሙሽሮች ፎቶ ይገባል። እኔ የአንድ ባለጉዳይ ውል ልልክ ስል ግን ትንሽ ይሄድና ቀጥ ይላል። ፈልጌ ፈልጌ አንድ ሰንጠረዥ ከፈትኩ። ሁለት ቁጥሮች አሉበት፤ አንዱ የተቀበለው፣ ሌላው የላከው። የተቀበለው ይሮጣል፣ የላከው ቆሟል። ገመዱን ነቅዬ ስሰካው ትነቃና አንድ ሁለት ቃል ታስተላልፋለች፤ ከዚያ ያው ናት።

ሰላማዊትን መጥራት እችል ነበር። ሰላማዊት ምድር ቤት የኮምፒዩተር ጥገና ሱቅ ያላት፣ የፒያሳን ግማሽ ማሽን ፈትታ የገጠመች ሴት ናት። ግን አምና «ጋሼ፣ ይሄን ኮምፒዩተር ይቀይሩት» ብትለኝ፣ «አንቺ ሳትወለጂ ጀምሮ የሚሠራ ነው» ብያታለሁ። እውነት አይደለም፤ ሲገዛ ባለ ሱቅ ነበረች። ይህን ያህል ዋሽቼ ሳበቃ ደረጃ ወርጄ «ቆመብኝ» ልላት? ሞቼ እገኛለሁ።

ስለዚህ በራሴ መንገድ ያዝኩት። ገመዱን ለወጥኩ። ሣጥኑን ከፍቼ በአፌ ነፋሁበት፤ አቧራው በሙሉ ወደ እኔ ተመለሰ፣ እስከ ምሳ ሰዓት ሳስነጥስ ዋልኩ። የካርዷን ጥርሶች በአረቄ በራሰ ጥጥ ወለወልኩ። አረቄውን ያመጡልኝ እማማ አስካለ ናቸው። «አንተም ትንሽ ቅመስ፣ ፊትህ ጠቁሯል» አሉኝና ቀመስኩ። ከዚያ በኋላ እኔም ካርዷም ለጥቂት ጊዜ ደኅና ነበርን። ዓርብ ጠዋት ግን ሁለታችንም ወደ ነበርንበት ተመለስን።

አጥፍቼ አበራሁት፤ ስንት ጊዜ እንደሆነ አልናገርም። ኢንተርኔት ወደሚያቀርቡልኝ ሰዎች ደወልኩ። አንዲት ትሑት ሴት «ጌታዬ፣ መስመርዎ ጤነኛ ነው» አለችኝ።

«መስመሩ ጤነኛ ከሆነ በሽተኛው እኔ ነኝ ማለት ነው?»

«ኮምፒዩተሩን አጥፍተው አብርተውታል?»

ስልኩን ዘጋሁባት። ከዚያ ማንም እንዳላየኝ አረጋግጬ አጠፋሁትና አበራሁት። ቅዳሜ ዕለት ደግሞ ሣጥኑን ከነገመዱ ተሸክሜ ፊቱን በመስኮቱ በኩል ወደ ጊዮርጊስ አዞርኩት። ለምን እንዳትሉኝ። ሰው ሦስተኛ ቀኑን ሲይዝ የሚሠራውን አያውቅም።

እሑድ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ስብሰባው ተከፈተ። እማማ አስካለ ስልክም ኮምፒዩተርም ስለሌላቸው ሁልጊዜ የሚሰበሰቡት ከእኔ ጋር ነው። ነጠላቸውን አጣፍተው ከጎኔ ተቀመጡ። ሰብሳቢያችን ሐጂ ሸምሱ ናቸው። ድሮ ከቢሮዬ ሥር ጨርቅ ይሸጡ ነበር፤ አሁን ከልጃቸው ጋር ከተማው ዳር ይኖራሉ። ልጃቸው ስልኩን ከፍታ፣ የመጣውን አባል ሁሉ አስገብታ፣ ፊት ለፊታቸው ታቆምላቸውና «አባ፣ ምንም ነገር እንዳትነካ» ብላ ትወጣለች። ሐጂም አይነኩም። ስብሰባውን የሚመሩት እጃቸውን ደረታቸው ላይ አጣምረው ነው።

ስም ተጠራ። «አለሁ» አልኩ፤ ተሰማ። አቶ ደረጀ ተነሥቶ የታክሲውን ርቀት፣ የዘመኑን ሁኔታ፣ ድንኳኑ ማርጀቱን አንድ በአንድ አስረዳ። የእሱ ስልክ ምንም አልሆነም። «ተቃውሞ ያለው?» አሉ ሐጂ። አሥራ አንዱን ገጽ ከፍ አድርጌ፣ ጉሮሮዬን ጠርጌ ጀመርኩ።

«የተከበራችሁ የእድራችን አባላት፣ በቅድሚያ የአክብሮት...»

አንድ ገጽ ሙሉ አነበብኩ። ሰላምታው ራሴን ሳይቀር እየነካኝ ነበር። ገጹን ለመገልበጥ ቀና ስል ሰዎቹ እርስ በርሳቸው ያወራሉ።

«ጸሐፊያችን የአክብሮት ሰላምታ አቅርበው ደርቀዋል» አሉ ሐጂ። «እኛም ሰላም ብለናል። ሌላስ?»

ገመዱን ነቅዬ ሰካሁ። ካርዷ ለመነሣት ሁለት ደቂቃ ያህል ትፈጃለች። ተነሣች።

«የተከበራችሁ የእድራችን...»

ቆመች።

«ደግመው ሰላም ብለውናል» አሉ ሐጂ። «አክባሪ ሰው ናቸው።»

ሦስተኛውን ፈጠን አድርጌ አነበብኩት፤ ያው ግን ከላይ ነው የጀመርኩት። አንዲት ሴት «አፋቸውን ከፍተው ቀሩ እኮ፣ አሟቸው እንዳይሆን» ስትል ሰማሁ። አቶ ደረጀ ይህን ጊዜ ጃኬቱን አስተካከለ። «ጸሐፊው ተገኝተዋል፣ ዕድል ሦስት ጊዜ ተሰጥቷቸዋል፣ ከሰላምታ ሌላ ያሉት ነገር የለም። በአንቀጽ አሥራ ዘጠኝ መሠረት እንደተስማሙ ይመዝገብልኝ» አለ። መዝጋቢው እኔ ነኝ። እስክሪብቶው እጄ ላይ ነበር። ክዳኑን ገጥሜ ኪሴ ከተትኩት።

«ለምን ወደ ነገሩ አትገባም?» አሉኝ እማማ።

«እየገባሁ ነው እኮ።»

«አንተ ገና በር ላይ ጫማህን እያወለቅህ ነው» አሉና ተነሥተው ከዘራቸውን አነሡ።

«ወዴት ነው እማማ?»

«አንተ ወደማትሄድበት።»

እሳቸው ደረጃውን ሲወርዱ እኔ ስልክ መደወል ጀመርኩ። መጀመሪያ ለሐጂ ደወልኩ። ሐጂ የተሰበሰቡበት ስልክ በድንገት ሲንቀጠቀጥ ደንግጠው ወደ ኋላ ሲሸሹ በስክሪኑ ላይ አየኋቸው። ለማንሣት መንካት ያስፈልጋል፤ ሐጂ ደግሞ አይነኩም። ቀጥዬ ለአቶ ደረጀ ደወልኩ። አነሣና «አንቀጽ ሃያ» ብሎ ዘጋው። የጻፍኩትን አንቀጽ እንዲህ በቃሉ የያዘ አባል በመኖሩ ሌላ ቀን ቢሆን እኮራ ነበር።

ሰላማዊት ከእማማ ኋላ ገባች። ወንበሬን አስለቅቃኝ ማውሱን ያዘች፣ ሁለቱን ቁጥሮች አየች፣ ሌላ ሰንጠረዥ ከፈተች።

«ማሻሻያ ማን ነው ያስገባበት?»

«ራሱ ነው» አልኩ።

«እሱ ነው» አሉ እማማ።

ሰላማዊት የአምናውን ነገር አላነሣችብኝም። ባነሣች ይሻለኝ ነበር፤ ቢያንስ እከራከራታለሁ። «እስከዚያው በእኔ ስልክ ይግቡ» ብላ ስልኳን ሰጠችኝ። ስልኳ ግን አዲስ ገቢ ስለሆነ «ሰብሳቢው እስኪያስገባዎት ይጠብቁ» ይላል። ሐጂ እጃቸውን አጣምረው ተቀምጠዋል። እንግዲህ በር ላይ ቆሜ ቀረሁ ማለት ነው።

«ምን ሆኖ ነው ልጄ?» አሏት እማማ።

«ረጅም ነገር ሲላክ መጀመሪያ ይቆራረጣል እማማ፣ በአንዴ አይሄድም። ድሮ የሚቆራርጠው ኮምፒዩተሩ ነበር። አዲሱ ድራይቨር ሥራውን ለካርዷ ተወላት፤ ካርዷ ደግሞ አሮጌ ናት፣ ታነቀችበት። አጭር ከሆነ ያልፋል። ሲረዝምባት ቀጥ ትላለች።»

እማማ አሥራ አንዱን ገጽ በዓይናቸው ለኩት። «እንዲህ ከሆነማ ማሽኗ ምን አጠፋች?» አሉ።

«ይሄን ሥራ ለካርዷ የሚሰጥ አንድ ምልክት አለ፤ አጠፋዋለሁ፤ ብቻ የት እንደደበቁት ልፈልገው» አለች ሰላማዊት። «እስከዚያው ገመዱን ነቅዬ ስሰካልዎት ቢበዛ አምስት ሰከንድ ያገኛሉ። ሰላምታውን ይተዉት ጋሼ።»

«ሰላምታውን ትቼ ምን ሰው ልሆን ነው?»

«ጋሼ፣ አምስት ሰከንድ ነው።»

እንደማልረታ ነግሬያችኋለሁ። ወረቀት ስቤ መቁረጥ ጀመርኩ። አሥራ አንዱን ገጽ ግማሽ ገጽ አደረግኩት፤ ግማሹን ሦስት መስመር። የእድሩን ታሪክ ቆረጥኩ፣ የደንቡን መንፈስ ቆረጥኩ፣ በጣም የምወደውን ስለ ጉርብትና የሚናገረውን አንቀጽ ልቤ እየተቆረጠ ቆረጥኩ። «የተከበራችሁ» ላይ ስደርስ ግን እጄ እንቢ አለኝ። ሐጂ ደግሞ «እንግዲህ ሌላ ተቃውሞ ከሌለ ድምፅ እንሰጣለን» እያሉ ነው። ሰላማዊት ገመዱን ነቅላ ሰካች፤ ጠበቅን፤ «አሁን» አለችኝ። ያን ቃል እንደማልናገር ወስኜ፣ እቃወማለሁ ብቻ ልል ተዘጋጅቼ አፌን ከፈትኩ።

«የተከበ...»

ቆመች። መቼም ይህን ቃል ከጀመርኩት ሳልጨርስ አልተውም፤ ካርዷ ብትቆምም እኔ «...ራችሁ» ብዬ ለእማማና ለሰላማዊት ብቻ ጨረስኩት። ያን ጊዜ አፈርኩ። በማሽኗ አይደለም ያፈርኩት፣ በራሴ ነው። ረቡዕ ዕለት ለኚህ ሴትዮ አይፈርስም ያልኩት በዚሁ አፍ ነው።

«ተነሥ» አሉኝ እማማ።

ተነሣሁ። ወንበሬ ላይ ተቀመጡ። ሰላማዊት ገመዱን ነቅላ ሰካች። ሐጂ «ይፍረስ የምትሉ እጃችሁን ለማውጣት ተዘጋጁ» ሲሉ ይሰማል። እማማ ወደ ካሜራው ተጠጉ፤ ፊታቸው ስክሪኑን ሞላው። ነጠላቸውን አላስተካከሉም፣ ጉሮሯቸውን አልጠረጉም፣ እንደምን ዋላችሁ አላሉም።

«ገና አልሞትኩም» አሉ። «ማን ነው የሚቀብረኝ?»

ካርዷ ቆመች።

በዚያ ስብሰባ ውስጥ ባለው ስልክ ሁሉ ላይ የእማማ አስካለ ፊት ባለበት ቀረ። በኋላ ሰዎቹ እንደነገሩኝ ዓይናቸው በቀጥታ ወደ ተመልካቹ ነው፤ ቅንድባቸው ከጥያቄው ጋር ከፍ እንዳለ፣ አፋቸው ሊዘጋ ትንሽ ሲቀረው ደርቀዋል። እኛ እዚህ ሆነን የምናየው የሌሎቹን ፊት ነበር።  አንዱ የያዘውን ብርጭቆ ቀስ ብሎ አስቀመጠ።

«ምስሉ ቆሞ ነው፤ ኔትወርክ ነው» አለ አቶ ደረጀ። «እንቀጥል ሐጂ።»

 ሐጂ ያጣመሩትን እጃቸውን ሲፈቱ አየሁ፤ ስብሰባ ላይ እጃቸውን ሲፈቱ ያየሁት ያን ዕለት ብቻ ነው።

«እናቴ የሞተች ዕለት» አሉ፣ «እኔ ልቤ ጠፍቶ ተቀምጬ፣ ለእኛ ብለው ማንም ያልነካው ድስት ፈልገው ያመጡ፣ ሥጋውም የእኛ ሰው ያረደው መሆኑን ቆመው ያረጋገጡ እኚህ ሴትዮ ናቸው። ወላሂ አልረሳውም።»

«ሐጂ፣ እሱ ሌላ ጉዳይ ነው። ደግሞ አሁን እያዩን አይደለም እኮ፣ ስታክ አድርጎ ነው።»

«አውቃለሁ። እኔን ግን እያዩኝ ነው» አሉ ሐጂ። «እሺ። ይፍረስ የሚል እሳቸውን እያየ እጁን ያውጣ።»

በዚህ መሐል ሰላማዊት ትከሻዬን ነካችኝ። «ጋሼ፣ ምልክቱን አገኘሁት» አለች በሹክሹክታ። «ይህን ባጠፋው ካርዷ ጠፍታ ትነሣለች፣ ከዚያ እንደ ልብ ይናገራሉ። ምስሉ ግን ይለቃል። ላጥፋው?»

ሦስት ቀን ያሳበደኝ ነገር መድኃኒቱ በአንዲት ጣት ጫፍ ላይ ነበር። አሥራ አንዱ ገጽ ደግሞ ጠረጴዛው ላይ ነው።

«እጅሽን ሰብስቢ» አልኳት። «እንዳትነኪያት። ባለችበት ትቁም።»

ለመጀመሪያ ጊዜ ከካርዷ ጋር በአንድ ወገን ሆነን ጠበቅን። እጁን ያወጣ አልነበረም። አቶ ደረጀ እጁን እስከ ጆሮው ድረስ አድርሶ፣ እዚያ ሲደርስ ጆሮውን አከከበት። ሐጂ ዙሪያውን አይተው «እድሩ ይቆያል። ድንኳኑም ባለበት ፒያሳ ይቀመጣል» አሉ። እስክሪብቶዬን ከኪሴ አውጥቼ መዘገብኩ። አቶ ደረጀ ከመውጣቱ በፊት ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እማማን ሰላም በሉልኝ» አለ። መልእክት በሰው አይላክም ብዬ ልመልስለት አስቤ ነበር፤ ግን ካርዷ እንደቆመች ናት፣ እሱም ደግሞ ከልቡ ነበር። ነገርኳቸው።

ከዚያ ሰላማዊት ምልክቱን አጠፋችው። ካርዷ ጠፍታ ተነሣች፤ የላከው ቁጥር መሮጥ ጀመረ። ሞከርኩት፤ «የተከበራችሁ የእድራችን አባላት፣ በቅድሚያ የአክብሮት ሰላምታዬን» አልኩ፤ አልቆመችም። ቀጠልኩ። ሁለተኛውን ገጽ ጨርሼ ቀና ስል ሁሉም ወጥተዋል፤ የቀሩት ሐጂ ብቻ ነበሩ። እሳቸውም የቀሩት መውጫው በመንካት ስለሆነ ነው።

ሰላማዊት ወደ ሱቋ ወረደች። በሩ ላይ ስትደርስ «ያም ሆኖ ጋሼ፣ ይሄን ኮምፒዩተር ይቀይሩት» አለችኝ። «አይሆንም» አልኳት፤ በሰላም ተለያየን።

እማማ ከዘራቸውን እየፈለጉ ወረቀቶቼን አዩዋቸው።

«እኔ ስሞት ቀብሬ ላይ የሕይወት ታሪኬን የምታነበው አንተ ነህ፣ አይደል?»

«እኔ ነኛ። የእድሩ ጸሐፊ ነው የሚያነበው።»

«አጭር አድርገው። ሰዉ ፀሐይ ላይ ነው የሚቆመው። ዛሬ ከማሽኗ አልተማርክም?»

ተምሬ ይሆናል። ቢሆንም እኔ ለእማማ አስካለ የምጽፈውን በማሽን ልክ አልቆርጥም። «ከአሁኑ ልንገርዎት» አልኳቸው። «ሁለት ገጽ ሰላምታ አለው። ከዚያ ስንት እንደሚሆን እግዜር ያውቃል። አንድ መስመር አልቀንስም።»

ለረጅም ጊዜ አዩኝ፤ ቅንድባቸው ያው ስክሪኑ ላይ እንደቀረው ከፍ ብሏል።

«እንግዲያው አልሞትልህም» አሉኝና ደረጃውን ወረዱ።